የቁጥር አምስት አረቄ

አንድ ሽማግሌ ከሚወዱት ምድጃ ፊት እንዲነሱ ላደርግ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በሐሜትም አይደለም፣ በክስም አይደለም፤ ከመዳፌ ብዙም በማትበልጥ የኤሌክትሪክ ካርድ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስራመድ ፒያሳ የእኔ ትመስለኝ ነበር። ዛሬ ጉልበቴን እያሻሸሁ ያንን ጊዜ ሳስበው የሚያስቀኝ ብዙ ነው፣ የሚያሳፍረኝ ግን አንድ ነው። እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

የምሠራው ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ ጣሊያን በሠራው ወፍራም ግንብ ውስጥ የነበረና ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት የሆነ ፋብሪካ ነው። ፉርኖ ዳቦ ይጋግራል፤ ዳቦው ለየቀበሌው ሱቅ ይከፋፈላል፤ የተረፈው እዚያው በራችን ላይ ይሸጣል። በሩ ላይ ሰልፍ ጠፍቶ አያውቅም። የአራዳ ሰው ሰልፍ ሲቆም ከእግሩ ይልቅ የሚደክመው ምላሱ ነው፤ ዳቦው ካነሰ ወይም ካረረ ወዲያው ስም ይወጣለታል። ስሙም ዳቦው ተሸጦ ሳያልቅ እኛ ወርክሾፕ ይደርሳል።

በዚያ ዘመን ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር አዲስ የመጋገሪያ መስመር ከነመቆጣጠሪያው መጥቶልን ነበር። መቆጣጠሪያው ግራጫ ቁም ሣጥን ነው። ውስጡ ያለው ዕቃ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሙቀት ይለካል፣ «አሁን ሰንሰለቱ ይሂድ፣ አሁን እንፋሎት ይግባ» ብሎ ይወስናል። መወሰን ብቻውን ግን ዳቦ አይጋግርም። ውሳኔውን ወደ ሥራ የሚለውጥለት አንድ ካርድ አለ፤ እኛ የውጤት ካርድ እንለው ነበር። ዐሥራ ስድስት መውጫዎች አሉት። ቁጥር አንድ ማቡኪያውን ታስነሣለች፣ ቁጥር ዘጠኝ ሰንሰለቱን ታስኬዳለች፣ ቁጥር አምስት ወደ ምድጃው እንፋሎት የሚያስገባውን ቫልቭ ትከፍታለች። ሁሉም የሚያውቁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ክፈት እና ዝጋ። «ነገ ተመለሽ» አይሉም፣ «ከበላይ አካል መመሪያ ይምጣ» አይሉም። በግቢው ውስጥ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ይህ ካርድ ብቻ ነው እያልን በሹክሹክታ እንቀልድ ነበር።

ከመስመሩ ጋር የመጣው ካርድ ባለ ሪሌ ነው። በእያንዳንዱ መውጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ትእዛዝ ሲመጣ ጠቅ ብላ ትገጥማለች፣ ሲበቃ ጠቅ ብላ ትለቃለች። ስትገጥምና ስትለቅ ብልጭ ትላለች፤ ብልጭታው እየዋለ እያደረ የምላሷን ጫፍ ያጠቁረዋል። ጥቁሩ ሲበዛ ምላሷ ትገጥማለች፣ ኤሌክትሪኩ ግን አያልፍም። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የጽዳት ቀን ነበር፤ ጽዳቱም የእኔ ሥራ ነበር።

አጸዳዱን ያስተማረኝ የወርክሾፑ አለቃ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያው አራዳ ነው። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ ካልሽኝ ሽበት አወጣለሁ» ስላለኝ አንተ ነበር የምለው። «የብርጭቆ ወረቀት እንዳታስጠጊባት፣ ቆዳዋን ትገፊያታለሽ» አለኝ። ጠንከር ያለ ወረቀት በቀጭኑ ይቆረጣል፣ አልኮል ይነካል፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይገባል፣ በጣት ጫን ተደርጎ ይሳባል። ወረቀቱ ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል። ጭንቁ ወረቀቱ ነበር። የደብተር ሉክ ይቀደዳል፣ ካርቶን አይገባም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ልኩ ሆኖ የተገኘው የፒያሳ ማተሚያ ቤቶች የሚያትሙት የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ወሬው በግቢው ተሰማና ሠርጉ ያለፈበት ሠራተኛ ሁሉ ጥሪውን እያመጣ ይሰጠኝ ጀመር። መሳቢያዬ በሙሽሮች ስም ተሞላ። ካርዱ ከትዳሩ የበለጠ ያገለገለበት ጊዜም ነበር።

የአልኮሉ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የፋርማሲ ስፒሪት እንደ ልብ አይገኝም ነበርና አለቃዬ ዘዴ ዘየደ፤ ዳግም አረቄ። ሁለት ጊዜ የተጣራ፣ ክብሪት ሲያይ የሚነድ። በየወሩ በሞዴል 22 ከንብረት ክፍል ወጪ ይደረጋል፤ «ዳግም አረቄ፣ አንድ ጠርሙስ፣ ለሪሌ ማጽጃ»። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ሙስሊም እናት ነበሩ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚያስረክቡኝ።

«ውሰጂልኝ፣ ቶሎ ውሰጂልኝ የኔ ልጅ» ይሉኛል፤ «እኔ ዘይት ነው ብዬ ነው የማስበው፤ አንቺም ዘይት ነው በይኝ።»

«ዘይት ነው እትዬ» እላለሁ።

ዐሥራ ስድስቱ ሪሌዎች ተሰብስበው የሚፈልጉት አንድ ስኒ ነው። የቀረው የት ይገባል? በወሩ መጨረሻ አለቃዬ በሪፖርቱ ላይ «ቀሪ» በሚለው ዓምድ ሥር በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «ተንኗል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ኦዲተር መጥቶ «አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያህል ሙቀት አለ እንዴ ጓድ?» ብሎ ቢጠይቀው «ከምድጃ ጋር እኮ ነው የምንኖረው ጓድ» ብሎ መለሰለት። ኦዲተሩም ያን ቅዳሜ እስኪመሽ አብሮን ተነነ። እኔ አልጠጣም ነበር፣ ቅዱስ ስለሆንኩ ሳይሆን ሽታው ራሴን ስለሚያዞረኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአለቃዬ ያስደንቀኝ ነበር። ጽዳት ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ «ከአምስት ጀምሪ፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል» ይለኛል። ሌላ ወር ደግሞ «ዘጠኝን አጥብቀሽ እያት» ይላል። ከፍቼ ሳይ እውነቱን ነው፤ የተናገረላት ከሁሉም የጠቆረች ሆና አገኛታለሁ። ይህ ሰው ከአረቄው ጋር ትንቢትም ይጠጣል እንዴ እያልኩ እገረም ነበር።

ምድጃው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ጋሼ ይባላሉ፤ ለሁላችንም ጋሼ ናቸው። ከጣሊያኑ ባለቤት ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ከጥቂት ወር ቀርቷቸዋል። «ከዚህ ምድጃ ፊት የሚያስነሣኝ ጡረታ ብቻ ነው» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም እንደ ቀልድ አይደለም። አዲሱ መስመር ሲመጣ ሁሉንም ሥራ ወሰደባቸውና አንዲት ነገር ብቻ ተወላቸው። ቁጥር አምስት እንፋሎቱን ስትለቅ እሳቸው በልባቸው ይቆጥሩና የጭስ ማውጫውን መዝጊያ በእጃቸው ይስባሉ። ቀድመው ከሳቡ ዳቦው ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከዘገዩ ያርራል። ቁም ሣጥኑ ፊት ላይ ለእያንዳንዱ መውጫ አንዳንድ ቀይ መብራት አለ፤ ቁጥር አምስት ስትከፈት አምስተኛው መብራት ይበራል።

እንግዲህ ደብዳቤው መጣ። ለጥቂት ዓመታት የሚበቃ መለዋወጫ ካርድ ተፈቅዶልናል፤ ግን ዓይነቱ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ወይ ባለ ሪሌ፣ ወይ አዲሱ ባለ ትራንዚስተር። ለሙከራ አንድ ባለ ትራንዚስተር ካርድ አብሮ ተልኳል። እዚያው አገር ለአራት ወር ሠልጥኜ የተመለስኩት እኔ ስለነበርኩ ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። ደረቴ ተነፋ። ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ትራንዚስተር ምላስ የለውም፣ አይበላም፣ አይጠቁርም፣ ፈጣን ነው፣ ጽዳት አይፈልግም። ባለ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ሪሌን «ኋላቀር» አልኳት፤ በወርክሾፑ ቋንቋ ደግሞ ፋራ አልኳት።

ወርክሾፑ ሐዘን ተቀመጠ።

«ጽዳት አይፈልግም ነው የምትዪኝ?» አለ አለቃዬ፣ ካርዱን ገልብጦ እያየ። «አንድ ጠብታም?»

«አንድ ጠብታም።»

«እና ይሄ ምኑ ነው ዕድገት? እኔ ፋራዋን ነው የምወዳት። ከእኛ ጋር ተግባብታ፣ ከእኛ ጋር ጠጥታ የምትኖር ናት።»

ተከራከርን፣ ተሳሳቅን፤ እኔ ግን አልተበገርኩም። በማግስቱ ጋሼ ወደ ወርክሾፑ ወጡ። ደረጃውን በእጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ነው የወጡት። ከዚያ በፊት ወጥተው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይሄ አዲሱ ካርድ ድምፅ አለው?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ። ጸጥ ያለ ነው።»

«ምንም?»

«ምንም።»

የበሩን መቃን በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ «የድሮው ቢቆይ ምን ይለዋል?» አሉ።

ከጠዋት ጀምሮ ስለ አረቄው ስከራከር የዋልኩ ነኝ፤ ደሜ ፈልቷል። «እርስዎም ለአረቄው ነው ጋሼ?» አልኳቸው። «በዚህ ዕድሜዎ!»

ግድግዳውን ዳብሰው ወረዱ። የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ ያልኳችሁ ይህ ነው። ያን ቀን ግን አላፈርኩም፤ ለአለቃዬ አስቂኝ ወሬ አድርጌ ነገርኩት። እሱ ግን አልሳቀም፤ እኔም ለምን አልሳቀም ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ሠራተኛው የውይይት ክበብ ገብቶ መስመሩ በቆመበት ሰዓት፣ የድሮውን ካርድ ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። ቫልቮቹ ሲዘጉ ወደ ኋላ የሚረጩት ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሩን እንዳይገድለው በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ዳዮድ በስታኞ በየድኳቸው። ሥራዬ ያምር ነበር፤ አሁንም ቢሆን ያምር ነበር እላለሁ። ሰዉ ከውይይት ሲመለስ መስመሩ ተነሣ። የሞተሮቹ ድምፅ እንዳለ ነው፤ ከቁም ሣጥኑ ግን ጠቅ የሚል ነገር ጠፋ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩና ራሴን አደነቅኩ።

የመጀመሪያው ዙር ዳቦ ከል ለብሶ ወጣ። ሁለተኛው ደግሞ ነጭ፣ ገና ያልበሰለ። ማክሰኞም እንደዚያው ሆነ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ዳቦውን ገልብጠው እያዩ «ማን ሞቶበት ነው?» ይሉ ጀመር። ረቡዕ ስሙ «እዝን» ሆኖ አረፈው። «ሁለት እዝን ስጪኝ» ይሏታል ሻጯን። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ትእዛዝ ወረደ፤ የመለዋወጫ ኮሚቴው ቅዳሜ ተሰብስቦ ካርዱን ያጸድቃል፤ እስከዚያ ድረስ አዲሱን ቴክኖሎጂ መከተል ካልቻሉ ጋሼ ወደ ጥበቃ ክፍል ተዛውረው ሌላ ሰው ምድጃውን ይረከባል። ጋሼ ሲነገራቸው «እሺ» ብቻ አሉ። በዚያ ግንብ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ያቺን «እሺ» ሰምቼ እኔ ራሴ ሆዴ ባባ። ግን ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብዬ ነበር የማምነው። መብራት በርቶ እያዩ እንዴት ያልፋቸዋል?

ሐሙስ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ወረድኩ። ጋሼ ምሳቸውን ከምድጃው አጠገብ ነው የሚበሉት። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እንደ አስተማሪ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ድምፁን ይርሱት። እነዚህን መብራቶች ብቻ ይዩ። ዐሥራ ስድስት ናቸው፣ ከግራ ነው የሚቆጠረው። አሁን የበራው የትኛው ነው?»

ተነሡ። ጠጋ አሉ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ፣ ጥቂት አሰቡ። «ሦስተኛው» አሉ።

«አንድም አልበራም» ይሉኛል ብዬ ዋናውን ማብሪያ አስቀድሜ አጥፍቼው ነበር። ከዐሥራ ስድስቱ አንድም የበራ የለም።

እሳቸው ዝምታዬን ሰሙት። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «አልበራም ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

«አልበራም ጋሼ።»

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሞራ ነው ብለውኛል፣ ተራ እየጠበቅኩ ነው። አንቺንም የማይሽ እንደ ጥላ ነው፤ በእርምጃሽ ነው የማውቅሽ፤ ስትሄጂ ሰው ልትደበድቢ የምትሄጂ ነው የምትመስዪው።» ፈገግ አሉ። «ዳቦውን በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። ማሽኑን በጆሮዬ። ዐሥራ ስድስቱንም ድምፃቸውን ለይቼ አውቃለሁ። አምስትማ የኔ ናት፤ ጠቅ ስትል እቆጥራለሁ፣ እስባለሁ። ስትጎረንን ደግሞ ለአለቃሽ እነግረዋለሁ።»

የአለቃዬ ትንቢት ከየት ይመጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ለምን ያን ቀን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ለአረቄ ነው የመጣኸው ተባልኩ እኮ። አንድ ቀን አፌ ላይ አድርጌው አላውቅም። አፍንጫ ያደነዝዛል፤ እኔ ደግሞ የቀረኝ አፍንጫ ነው።» ሲናገሩት ቂም አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ይቅርታ ልበላቸው ስል ድምፄ እምቢ አለኝ። እሳቸው እንጀራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «ብቻ ለማንም አትንገሪ። ከታወቀ ነገውኑ ዘበኛ ቤት ነኝ። ዓይነ ስውር ዘበኛ ምን ሊጠብቅ ነው? ሌባው ራሱ ያዝንልኛል።»

ሙከራው እስከ ቅዳሜ መቀጠል ስለነበረበት ካርዱን መንቀል አልችልም። ስለዚህ ዓርብ ደብተርና እርሳስ ይዤ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተተከልኩ። ለሚያየኝ ሰው ጥናት የማጠና ነው የምመስለው። አምስተኛው መብራት በበራ ቁጥር በካቻቢቴዬ እጀታ የቁም ሣጥኑን ጎን ጠቅ አደርጋለሁ። ጋሼ ይቆጥራሉ፣ ይስባሉ። ዳቦው እንደ ድሮው ወርቅማ ሆኖ ወጣ። ከሰዓት ላይ አለቃዬ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ሳደርግ አየኝ። እሱ ከድሮም የጋሼን ዓይን ነገር ያውቅ ነበር።

«አራት ወር ውጭ አገር ሠልጥነሽ፣ መጨረሻሽ ሪሌ መሆን ነው?» አለኝ።

«ዝም በል፣ ቁጥር እንዳታሳስተኝ።»

«ታዲያ ሪሌ ከሆንሽ በጽዳቱ ቅዳሜ ላጽዳሽ?» አለና ሄደ። ወዲያው ተመልሶ ግን ወንበር አመጣልኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሪፖርቴን አወጣሁና እንደ አዲስ አነበብኩት። ውሸት አልነበረበትም። ግን ካርድ ስመርጥ የካርዱን ነገር ብቻ ነው የጻፍኩት፤ አጠገቡ የሚቆመው ማን እንደሆነ በሦስቱም ገጽ አንድ መስመር የለም። ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ደረጃውን ወጥተው ሲጠይቁኝ መልሼ እጠይቃቸው ነበር። የጋሼን ዓይን ሳልናገር፣ ደግሞም ሳልዋሽ፣ በራሴ ሪፖርት ላይ መነሣት ነበረብኝ።

በዚያ ዘመን ሐሳቡን የለወጠ ሰው ጤነኛ አይባልም። ወይ አድርባይ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር አለበት። ሳይጠየቅ የሚያልፍበት አንድ በር ብቻ ነበር፤ ግለ ሂስ። ራሱን የሚወቅስ ሰው ሲነሣ ስብሰባው ሁሉ ይነቃል፣ ሰብሳቢው ብዕሩን ያነሣል፣ ሌላው ሰው ተራው ስላልደረሰው ደስ ይለዋል። ቅዳሜ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እጄን አወጣሁ።

«ጓዶች፣ ግለ ሂስ ላደርግ ነው» አልኩ።

የቤቱ ማንኮራፋት ቆመ። የአዲስ ነገር ናፍቆት እንዳሳወረኝ፣ የንዑስ ከበርቴ ጉጉት እንዳለብኝ፣ የሠራተኛውን ልምድ እንደናቅኩ አንድ በአንድ ተናገርኩ። የመጨረሻው ከልቤ ነበር፤ እዚያ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ይህም ሳልፈልገው በጣም ጠቀመኝ። ከዚያ ወደ ካርዱ ገባሁ። የከተማችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመለሰው፤ ያ ዝላይ ትራንዚስተርን በአንድ ጊዜ ሊገድለው ይችላል። ትራንዚስተር ሲሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደበራ ነው የሚሞተው፤ የነዳጁ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ ማለት ነው። ሪሌ ግን ከመሞቷ በፊት ታማለች፤ ስትታመም የምታሰማው ድምፅ አለ፤ ያንን ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ልምድ ያላቸው ሠራተኛ አሉን። አንዷ ብትበላሽ እሷን ብቻ ነቅለን እንተካለን። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነው።

«ዳቦውስ ለምን አረረ?» አለ ሰብሳቢው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጓድ። ለሙከራው የሚያስፈልገውን ድምፅ ሳላዘጋጅ ነው ያስገባሁት። ትናንት ድምፅ ሰጠሁት፣ ዳቦው ተስተካከለ። የምድጃው ጓድ ምንም ጥፋት የለባቸውም።»

ሰብሳቢው ጻፈ። ባለ ሪሌ ካርድ ጸደቀ፤ የጋሼ ዝውውር ተሰረዘ። አለቃዬ እጁን አውጥቶ «የጽዳቱም በጀት አብሮ ይጽደቅልን» ብሎ ጨመረ፤ ጸደቀለት። እኔም የድርሻዬን አገኘሁ። በዓመቱ ለሁለተኛ ዙር ሥልጠና ሰው ሲመረጥ «የአዲስ ነገር ናፍቆት ያለባት ጓድ» የሚለው ቃለ ጉባኤ ተነበበና ሌላ ሰው ሄደ። አላስከፋኝም ብል ውሸት ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጥቼ ቁጥር ዘጠኝን አጸዳሁ።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ምድጃቸው ፊት ቆሙ። በመጨረሻው ቀን ቁም ሣጥኑን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው ሄዱ። የተካቸው ሰውዬ ዓይኑ ደህና ነው፤ መብራቱን እያየ በደንብ ይሠራል። ብቻ በየጽዳቱ ቅዳሜ አለቃዬ ከየትኛዋ እንደምጀምር መናገሩን ተወ። ዐሥራ ስድስቱንም በተራ እከፍታለሁ፤ ሥራው ረዘመብኝ፣ እሳቸውም ናፈቁኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ የጽዳት ቅዳሜ የበሩ ዘበኛ «ጋሼ መጥተው ነበር፤ ይሄን ለወርክሾፗ ልጅ ስጥልኝ ብለው ሄዱ» ብሎ ፖስታ አቀበለኝ። ፖስታው ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ከፈት ሳደርገው የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ጡረታ ወጥተውም ሪሌዎቹን አልረሷቸውም ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው መቀስ አነሣሁና በቀጭን በቀጭኑ ቆራረጥኩት። አረቄ ነክሬ የመጀመሪያውን ለአምስት ሰጠኋት። ስስበው ጥቁሩ መስመር «እሑድ» የሚል ቃል ላይ አርፏል። ከሥሩ ያለውን ቀን አየሁት። ያለፈ ቀን አይደለም። ነገ ነው።

ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ገጣጥሜ አነበብኩ። ጋሼ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ እኔም እንድገኝላቸው ጠርተውኛል። አለቃዬ በትከሻዬ በኩል አነበበና እየሳቀ ወንበር ላይ ወደቀ።

«ጥሪሽን ለአምስት ሰጥተሽ! እንግዲህ እሷ ትሂድልሽ!»

ሄድኩ። እዚያው አራዳ፣ ከቤታቸው ደጅ የተተከለ ድንኳን ነው። ጋሼ አዲስ ጋቢ ለብሰው መግቢያው አጠገብ ተቀምጠዋል። የዓይናቸው ተራ ገና አልደረሰም ነበር። አፌን ሳልከፍት ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ማንን ልትደበድቢ መጣሽ?» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ካርዱ ነገርኳቸው፤ ጥሪያቸውን ቆራርጬ ሪሌ እንዳጸዳሁበት። እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ያን ጊዜ ምድጃው አጠገብ እምቢ ያለኝን ቃል አወጣሁት።

«ያን ቀን ወርክሾፕ ሲመጡ ስላልኩዎት ነገር... ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

እጃቸውን ዘርግተው የሚያስተናግደውን ሰው «አረቄ አምጡልኝ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ጋሼ እንደማይጠጡ ሰፈሩ ያውቃል።

«አፍንጫዎ!» አልኳቸው።

«አፍንጫዬ እኮ ጡረታ ወጥቷል። የተከሰስኩበትን ነገር ሳልቀምሰው ልሙት?»

መለኪያዋን ተቀበሉ፣ አሸተቱ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ተኮማተረ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ደረታቸውን ይዘው ሳሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ጎርንኖ ነው የወጣው።

«ይሄን ነው በየወሩ ለአምስት የምታጠጪያት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምስኪን!» አሉ። «እኔ ደግሞ አሟት ነው እያልኩ ለአለቃሽ ሳመለክትባት ኖርኩ።»

ቀሪውን ለእኔ ሰጡኝ። ሽታው ራሴን ያዞረኛል፤ ግን ጠጣሁት።